ሃያ ትንፋሽ

ሐይቅ፣ መስከረም 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሣህሊቱ፤

ከሰላምታው ሁሉ ጤናሽ ይቅደም። እኛ ሐይቁ ዳር ያለነው፣ እኔ፣ ሰኪናና ልጃችን አሕመድ፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ክረምቱን በደህና ወጥተናል። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ይህን የምትጽፍልሽ እሷ ነበረች። አያትሽና እናቴ እህትማማቾች ናቸውና ድርሻው ለኔ ደረሰ። መጻፍ የተማርኩት በአርባ ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

ፎቶው ደርሶናል። ከእግርሽ እስከ አንገትሽ ጥቁር ጎማ ለብሰሽ፣ መነጽሩን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ ስናይሽ ሰኪና "ምን አድርገዋት ነው?" ብላ ደነገጠች። ባሕር ውስጥ ገብተው የሚተነፍሱ ሰዎች ልብስ መሆኑን ያስረዳት አሕመድ ነው። በነጋታው ፎቶውን ይዞ ገበያውን ሲዞር ዋለ። አሁን በዚህ ከተማ የባሕር ጠላቂ ዘመድ ያለን እኛ ብቻ ነን፤ ሼኩም ቄሱም ስላንቺ ይጠይቁናል።

የጻፍኩልሽ ገንዘብ ለመጠየቅ አይደለም፤ አብሽሪ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የምናጠምድበት መረብ ሐይቁ ውስጥ ከሰመጠ ግንድ ጋር እየተያዘ አስቸገረን። አሕመድ ወርዶ ሊያስለቅቀው ይሞክራል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ግን የሚያየው ጭጋግ ነው። ግንባርሽ ላይ እንደሰቀልሽው ያለ መነጽር፣ አሮጌም ቢሆን የተጣለ ካለ ላኪልን። እንዴት እንደሚጠለቅም ከምታውቂው ጻፊለት። ልጁ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ዋና ይችላል፤ ግን ያስተማረው የለም።

አጎትሽ ኑሩ


ሲያትል፣ ኅዳር 12 ቀን 1989 ዓ.ም. (እዚህ ኖቬምበር 21 ቀን 1996)

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ኑሩ፣ ለእትዬ ሰኪናና ለወንድሜ ለአሕመድ፤

የእግዚአብሔር ጥበቃ ከደጃችሁ አይራቅ። እኔ ብርዱና ዝናቡ ካልሆነ በስተቀር ደህና ነኝ። ፊደልዎ ከኔ ይሻላል፤ እኔ እዚህ መጥቼ ግማሹን ረስቻለሁ።

የምሠራበት ሱቅ ባሕሩ ዳር፣ አልካይ የሚባል ሰፈር ነው። ከምኖርበት ከዋይት ሴንተር በአውቶቡስ እመላለሳለሁ። ባለቤቱ ዴል የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ለጠላቂዎች ልብስና የአየር ሲሊንደር ያከራያል፣ ጀማሪዎችንም ያስተምራል። እኔ ከኋላ ክፍል ሆኜ የተቀደደውን ጎማ ልብስ እጠግናለሁ። ደሴ ሱሪ እሰፋ ስለነበር እጄ ቶሎ ለመደው። መጀመሪያ ሙጫ ነው፤ ቀጥሎ ስፌት። መርፌው ጎማውን ከግማሽ በላይ መብሳት የለበትም፤ ካለፈ ውሃ ያስገባል።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ይሞላል። ነርሷ፣ ኤቨረት ከሚባል ከተማ የሚመጣው አውሮፕላን ገጣጣሚ፣ የሰባ ዓመቷ ጡረተኛ፣ ሁሉም ጎማቸውን ለብሰው ፓርኪንጉ ላይ ቆመው ዶናት ይበላሉ። ስላዩት ዓሣ ሲያወሩ ሰርግ የዋሉ ይመስላሉ። እኔም አንዳንዴ አብሬያቸው እወርዳለሁ።

አሕመድ፣ መነጽሩን ዘካሪያስ የሚባል ልጅ ለገና ደሴ ይዞልህ ይመጣል። ከመልበስህ በፊት ውስጡን በምራቅህ አሽተህ እጠበው፤ ጭጋግ አይዘውም። ከመጥለቅህ በፊት ደግሞ ሃያ ጊዜ በኃይልና በፍጥነት ተንፍስ። ሃያው ሲሞላ ውረድ። ትንፋሽ ቶሎ አያጥርህም፣ ብዙ ትቆያለህ። እኔም የማደርገው እንደዚሁ ነው።

እህትህ ሣህሊቱ


ሐይቅ፣ ጥር 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለሣህሊቱ፤

ዕድሜሽ ይርዘም፣ እጅሽ ይባረክ። መነጽሩ በደህና ገባ። መረቡን አሕመድ በመጀመሪያው ቀን አስለቀቀልን። ከታች ምን አየህ ብዬ ብጠይቀው "አባባ፣ ግንዱ ላይ ዓሣው እንደ ዶሮ ሰፍሯል" አለኝ። አሁን መረቡ የተያዘበት ሁሉ ይጠራዋል፤ ዋጋውንም በዓሣ ይከፍሉታል። ሰኪና ከዓሣ ብዛት ቤቱ ሸተተ እያለች ታጉረመርማለች፤ ደስ ሲላት እንደዚያ ናት። ሚስት ልታጭለትም ሰው መላክ ጀምራለች።

የትንፋሹ ነገር እንዳልሽው ሆነ። ዳር የሚቆሙ ልጆች ሃያውን እየጮኹ ይቆጥሩለታል፤ ከዚያ ጥልቅ ይላል። ሲቆይ እኔ ነኝ የምጨነቀው። እሱ እየሳቀ ይወጣል።

ውሃ ውስጥ የሚበራ ባትሪ አለ ይላል። ከተገኘ አስቢበት፤ ካልተገኘም ይቅር።

አጎትሽ ኑሩ


ሲያትል፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ላይ ሳነብ ብቻዬን ስቄ ሰው አየኝ። ዴል አንድ አሮጌ የውሃ ባትሪ ሰጥቶኛል፤ መንገደኛ እንዳገኘሁ እልካለሁ። የአሕመድን ነገር ለቅዳሜ ሰዎች ነግሬያቸው "ያለ ሲሊንደር?" እያሉ አደነቁት።

ቦታው ጠለቅ ካለበት ሃያውን ሠላሳ ያድርገው። ይበልጥ ይቆያል። የታጨችለትንም ልጅ ስም ጻፉልኝ።

ልጅዎ ሣህሊቱ


ሐይቅ፣ ግንቦት 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሣህሊቱ፤

ስለ ጤናሽ መጠየቅ አቃተኝ፤ ይቅር በይኝ።

አሕመድ መጋቢት 27 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ወርዶ ቀረ። የተያዘው የኛው መረብ ነበር። ከዚህ በፊት ከወረደበት ጠለቅ ያለ ቦታ ነው። ብዙ ጠበቅን። ውሃው አልተናወጠም፣ አንድም እጅ ከላይ አልታየም። ታንኳ ላይ ሆነን መረቡን ስንጎትት ገመዱ ተበጠሰ። ልጄም መረቡም ከታች ግንዱ ላይ ናቸው። ዘጠኝ ቀን በመንጠቆ ፈለግን። ሬሳ ሲሰነብት ይነሳል ያሉን ሰዎችም ያሉት ቀን አለፈ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስሰማ ነው የኖርኩት።

ሼኩ ሬሳ በሌለበት ሰገዱለት። ሰኪና ግን ልጄ ሳይታጠብ፣ ሳይከፈን ለቅሶ አልቀመጥም አለች። ለቀስተኛውን ከደጅ መለሰችው። የገዛችለትን ከፈን በፌስታል ይዛ ጠዋት ሐይቁ ዳር ትወርዳለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ሰው "አላህ ያጽናሽ" ሲላት "ገና ነው" ነው መልሷ።

የሚያዝያው ደብዳቤሽ ከዚህ ሁሉ በኋላ ደረሰ።

ባትሪ አልፈልግም፣ ገንዘብም አልፈልግም። ነይና ልጄን አውጪልኝ። እወርዳለሁ ብለሽ ጽፈሻል። ሌላ የማውቀው ጠላቂ የለኝም። በከተማው ጠላቂ ዘመድ ያለን እኛ ብቻ ነን ብዬ የኮራሁት እኔ ነኝ።

ኑሩ


ሲያትል፣ ሰኔ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴና ለእትዬ ሰኪና፤

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። መርዶውን ያነበብኩት ሱቁ ውስጥ ነው። የያዝኩትን ልብስ እስከ ደረቱ ስቀደው አላወቅኩም፤ ዴል ነው ከእጄ የወሰደው። ወንድሜን፣ በፎቶ እንኳ በቅጡ ሳላየው።

ለመምጣት አስቤያለሁ። ነገር ግን ሐይቁ ጥልቅ ስለሆነ ለብቻው ትምህርት ያስፈልገዋል፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጡበታል። ተመዝግቤያለሁ። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ። ለሰደቃ የሚሆን ጥቂት ብር በባንክ ልኬያለሁ።

እትዬ ሰኪናን ከሐይቁ ዳር ወደ ቤት እንዲገቡ ይለምኑልኝ።

ልጅዎ ሣህሊቱ


ሐይቅ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለሣህሊቱ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ብሩ ደርሶ ሰደቃ ወጥቶበታል፤ ሌላ ግን አትላኪ። እኔ የጠየቅኩት እሱን አይደለም።

ስልክ ለምን አይደውሉም ብለሽ እንዳታስቢ። በስልክ ማልቀስ በደቂቃ ይከፈልበታል።

መመዝገብሽን የጻፍሽውን ለሰኪና አነበብኩላት። "ስንት ወር ነው?" አለች። አላውቅም አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንቺን መምጣት ነው የምትጠብቀው፤ ለሚያልፈው ሁሉ "እየተማረችልኝ ነው" ትላለች።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሚያስተምሯችሁን በተራ ጻፊልኝ፤ አንዱንም አትዝለይ። መምህርሽንም ጠይቂልኝ፤ ዋና የሚችል ጤነኛ ልጅ ሳይታገል፣ እጁን እንኳ ሳያነሳ ውሃ ውስጥ እንዴት ይቀራል? እዚህ ሰው ጂን ነው ይላል። እኔ ጂን ነው ብዬ መተኛት አልቻልኩም።

ኑሩ


ሲያትል፣ ጥቅምት 15 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

አዲሱን ዓመት እንኳን አደረስዎ ለማለት አፌ አልደፈረም። መልሴ የዘገየው በስንፍና አይደለም፤ እየጻፍኩ ስቀድ ነው።

በመጀመሪያ የምነግርዎ አለ። እስከ ዘንድሮ መስከረም ድረስ ባሕር ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ፎቶውን የተነሳሁት የደንበኛ ልብስ ጠግኜ ስፌቱ መጥበቁን ለማየት ለብሼው ነው። እናንተ ስትደሰቱ ሳይ ዝም አልኩ፤ ቀጥሎ እወርዳለሁ አልኩ። አንድ ውሸት ሌላውን ጠራው።

አሁን ግን እውነት እየተማርኩ ነው። ዴል ገንዘብ አልተቀበለኝም። በመጀመሪያው ትምህርት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ቁጭ ብለን በሲሊንደሩ መተንፈስ ለመድን። በሁለተኛው መነጽሩን ውሃ ሞልቶ በአፍንጫ እየነፉ ማስወጣት ነው፤ እኔ በአፍንጫዬ ውሃ ስቤ ወጣሁ። አንድ ሕግ አላቸው፤ ማንም ብቻውን አይወርድም። ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ከመግባታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ማሰሪያና አየር በእጁ ይፈትሻል፤ ከታችም ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። የኔ ጓደኛ ያቺ የሰባ ዓመቷ ጡረተኛ ናት። ማሰሪያዬን ስትፈትሽልኝ አሕመድን ማን ፈተሸው እላለሁ።

በሦስተኛው ትምህርት ዴል ስለ ትንፋሽ አስተማረን። መሀል ላይ ወጥቼ ሄድኩ።

ባሕሩን በመስከረም ገባሁበት። አረንጓዴ ጨለማ ነው፤ እጄን እንኳ በደንብ አላይም። ስድስት ሜትር ሳልወርድ ጆሮዬ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ደንግጬ ወጣሁ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ዴል "ኦኬ፣ ሌላ ቀን እንሞክራለን" ይለኛል። ፊቱ ግን ሌላ ነው የሚናገረው።

ልጅዎ ሣህሊቱ


ሐይቅ፣ ኅዳር 30 ቀን 1990 ዓ.ም.

ሣህሊቱ፤

ወርደሽ አለማወቅሽን አነበብኩ። ለሰኪና ያንን ዘልዬ ነው ያነበብኩላት። አልተቆጣሁሽም፤ ለመቆጣትም አቅም ይፈልጋል።

አንዱንም አትዝለይ ብዬሽ ነበር። በሦስተኛው ትምህርት መምህሩ ምን አለ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔ አልነጋልኝም። ጻፊው።

ኑሩ


ሲያትል፣ ጥር 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ይህን ደብዳቤ ለእትዬ ሰኪና አያንብቡላቸው።

ዴል ያለው ይህ ነው። ሰው ሳይተነፍስ ሲቆይ ሰውነቱ ይጨነቅና "ውጣ" ይለዋል። ከመጥለቁ በፊት በኃይልና በፍጥነት ብዙ ጊዜ የተነፈሰ ሰው ግን ያ ጭንቀት ይዘገይበታል። አየሩ ሲያልቅበት አይታወቀውም። ደህና ነኝ እያለ ራሱን ይስታል፤ አይታገልም፣ እጁንም አያነሳም። "ከጎኑ ሰው ከሌለ በቃ ይቀራል" አለ። እጄን አውጥቼ "ሃያ ጊዜ ብቻ ቢሆንስ?" ብዬ ጠየቅኩት። "ሃያ በጣም ብዙ ነው፤ በምንም ዓይነት አታድርጉት" አለኝ። ያኔ ነው የወጣሁት።

እኔ ያንን ምክር ከየት አመጣሁት? በጦር ዓሣ የሚወጋ አንድ ጎረምሳ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ሲፎክር ከኋላ ክፍል ሆኜ ሰማሁት። ልብስ እየሰፋሁ። ዴልን እንኳ አልጠየቅኩም። ጠላቂ መስዬ ለመታየት "እኔም የማደርገው እንደዚሁ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ እናንተ ዘንድ አለ፤ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው። አሕመድ ከሞተ በኋላ እንኳ ሠላሳ ያድርገው ብዬ ጽፌያለሁ።

ስለ መምጣቱም ልንገርዎ። የቅዳሜ ሰዎች ሁሉንም ሰምተዋል። ጡረተኛዋ የራሷን ዕቃ ልትሰጠኝ ነበር፤ ከኤቨረት የሚመጣውም ካርታ አምጥቶ ሐይቁን ፈለገው። ዴል ግን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ሲሊንደሩን እዚያ ማን ይሞላዋል? ሐይቁ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ይላል? ከጎንሽ ማን ይወርዳል? በመጨረሻ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው አለኝ። አሥር ወር ሊሆነው ነው አልኩት። እጄን ያዘኝ። ከዚህ በኋላ ብወርድም የማወጣው የለም፤ መረቡ ብቻ ነው ያለው። ለነገሩ የምስክር ወረቀቱንም አልሰጠኝም፤ ጆሮዬ አይችልም፣ እደነግጣለሁ።

አሕመድን የገደልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው፤ ሌላ ማንም የለበትም። ይርገሙኝ፤ ይገባኛል።

ሣህሊቱ


ሐይቅ፣ መጋቢት 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለሣህሊቱ፤

የአላህ ሰላም ይድረስሽ። ዛሬ ዓመቱ ነው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ እንደገና እንደገና አንብቤዋለሁ።

ልጆች ይቆጥሩለታል ብዬ የጻፍኩልሽ ሐሰት ነበር። የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። ሽበቴን ይዤ ሐይቅ ዳር እንደ ሕፃን በመጮኼ እንዳትስቂብኝ አፍሬ ነው። ደስ ይለኝ ነበር። እኔ እጮኻለሁ፣ እሱ ይተነፍሳል፤ ሃያ ስል ይጠልቃል። ልጄ ካደገ በኋላ አብረን የተጫወትነው ጨዋታ ያ ብቻ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ቦታው ጠለቅ ስለሚል ሃያውን በራሴ አርባ አደረግኩት። ሠላሳ አምስት ላይ ስደርስ "አባባ፣ ይበቃኛል፣ ራሴን አዞረኝ" አለኝ። "አምስት ቀረህ" አልኩት። አምስቱን ቆጠርኩለት።

ዓመት ሙሉ ስጠይቅሽ የነበረው ይህን ነው። የፈለግኩት "የለም፣ መቁጠሩ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው" እንድትይኝ ነበር። አሁን ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው ብለሻል፤ "ብቻ" የሚለውን ተይው። አልረግምሽም። ብረግምሽ እርግማኑ በመንገዱ እኔን ሳይነካ አያልፍም። ይቅር እንዳልልሽም ለራሴ ያላልኩትን ከየት አምጥቼ እሰጥሻለሁ?

መምጣቱን ተይው። አትድከሚ።

ሰኪና ግን አታውቅም። ቆጠርኩለት ብዬ ብነግራት ከኔ ጋር አንድ ቤት አትውልም፤ የምትሄድበትም የላትም። ልጁ አይወጣም ብላት ደግሞ ከዳር የምትነሳ አይመስለኝም። ዛሬም ፌስታሉን ይዛ ወርዳለች። ስትመለስ "ሣህሊቱ ጻፈች?" ትለኛለች። መልካም እየተማረች ነው እላታለሁ፤ ፊቷ ትንሽ ይፈታል፣ እንጀራም ትቀምሳለች።

ስለዚህ የመጨረሻ ልመናዬ ይህ ነው። በየዓመቱ ለእሷ ደብዳቤ ጻፊላት። ትምህርቱ አላለቀም በያት። የማነብላት እኔ ነኝ።

አጎትሽ ኑሩ


ሲያትል፣ ሰኔ 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለእትዬ ሰኪና፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ለብቻዎ የጻፍኩልዎ ስለ ትምህርቱ እንደሚጠይቁ አጎቴ ስለነገሩኝ ነው።

ትምህርቱ መልካም ነው፤ ገና ግን አላለቀም። ጥልቅ ውሃ ቀስ በቀስ ነው የሚለመደው፤ መምህሬም ሳይቸኩል የሚያስተምር ሰው ነው። ዘንድሮ እዚህ ባሕሩ በጣም ስለቀዘቀዘ ብዙውን ጊዜ የምንማረው ገንዳ ውስጥ ነው። ለከርሞ ወደ ጥልቁ እንገባለን ብለውናል።

እስክመጣ ድረስ ክረምቱን ከዳር አይዋሉ፤ ጉንፋን ይይዝዎታል። ከፈኑንም ከፌስታሉ እያወጡ ፀሐይ ያሳዩት፤ ታፍኖ ከሰነበተ ይሻግታል። አጎቴን ምግብ እንዲበሉ ይቆጧቸው።

ትምህርቱን እንደጨረስኩ እመጣለሁ።

ልጅዎ ሣህሊቱ